ላሊበላን የሚያበላት የትኛው እንግዳ ነው?

(ለሆቴልና ቱሪዝም ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ቱሪዝምና መስተንግዶ ለከተማ ኢኮኖሚ ያላቸው ፋይዳ» የሚል ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል፦ «ቱሪዝም ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ ነው።» ይህን የሚል ሰው መብራት በጠፋ ቀን ሆቴል ጓሮ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ አያውቅም። ለማንኛውም እኔ የማወራው ስለ ጭሱ ሳይሆን ስለ ብሩ ነው። እንግዳ ከተማ ገብቶ ያወጣው ብር ወዴት ይሄዳል? የማን ኪስ ይገባል? እዚያው ይዞራል ወይስ በማግስቱ በመኪና ተጭኖ ይወጣል?

ስለ ሁሉም ከተማ ላውራ ብል ይመሽብናል። አንድ ልምረጥ። ላሊበላ ትሁን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ነባር ንግድ አላት። ባሕር ዳር የክልል መቀመጫ ናት። ቱሪስት ቢጠፋ እንኳ ስብሰባና ሥልጠና አይጠፋም፤ አበሉን የያዘ ሰልጣኝ አልጋ ይይዛል፣ ዓሣ ይበላል፣ ማታ ወጣ ብሎ ቢራ ይጠጣል። ላሊበላ ይህ የላትም። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተራራ ጥግ ተቀምጣለች። የላስታ እርሻ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ፋብሪካ የላትም፣ የድንበር ንግድ የላትም። ያላት 11 ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ስለዚህ እንግዳ ለአንድ ከተማ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲቀርም ምን እንደሚያጎድል፣ እዚያ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ዝናዋ የቆየ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ከጻፈ በኋላ፣ አገሩ ያለ ሰው አያምነኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገባት። አውሮፕላኑም፣ ሆቴሉም፣ አስጎብኚውም የመጣው በዚህ ስም ነው።

እንግዲህ አንድ ፈረንጅ እንከተል። «ታሪካዊው መስመር» የሚባለውን ጉዞ ገዝቷል፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። የገዛው ግን ላሊበላ መጥቶ አይደለም። ፓሪስ ወይም ሮም ቁጭ ብሎ ነው። ከከፈለው ውስጥ አንዱ ድርሻ እዚያው አገሩ ላለው የጉዞ ድርጅት ይቀራል። ሌላው ለአየር መንገድ። ሌላው አዲስ አበባ ላለው አስጎብኚ ድርጅት። ሲገባና ሲወጣ አዲስ አበባ ያድራል፤ ላሊበላ የጠራችውን እንግዳ አዲስ አበባም ትካፈለዋለች ማለት ነው። አይ ብላ አታውቅም።

ላሊበላ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። እሱም ቢሆን ተለይቶ መታየት አለበት፤ ሁሉም ብር እኩል አይቆይም።

መጀመሪያ የመግቢያ ትኬቱን ውሰዱ። ለውጭ አገር ዜጋ ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። ገንዘቡ የሚገባው ለማዘጋጃ ቤቱ ሳይሆን ለደብሩ አስተዳደር ነው። በዚህ የሚያጉረመርም ብዙ ሰው አለ፤ ቱሪስቱ «ተወደደ» ይላል፣ የከተማው ሰው «ለእኛ ምን ደረሰን?» ይላል። የሁለቱም ቅሬታ ይገባኛል። ግን ካህኑ የት ነው የሚኖረው? ዲያቆኑስ? ጥበቃውስ? እዚያው ናቸው። ደመወዛቸውን ይዘው የቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ፣ ጤፍ ይገዛሉ፣ ለልጅ ደብተር ይገዛሉ። ከፈረንጁ ገንዘብ ውስጥ ከተማዋ ውስጥ ብዙ የሚዞረው ይኸኛው ይመስለኛል።

ሆቴሉ የሚያስገባው ከዚህ ይበልጥ ትልቅ ነው፤ ሲወጣም ያንኑ ያህል ፈጣን ነው። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ይገዛል። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የሶላር የውሃ ማሞቂያው፣ ወይኑ፣ ቢራው፣ ፓስታው፣ ሳሙናው ከውጭ ነው የሚገባው፤ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ከባሕር ማዶ። ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ ትርፉም እዚያው ይሄዳል። ከተማዋ ውስጥ የሚቀረው የሠራተኛው ደመወዝ፣ ግብሩና ሆቴሉ ከአካባቢው የገዛው ዕቃ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ነው የእናንተ ሙያ ጉዳይ።

እስቲ ኩሽና እንግባ። የላሊበላ የቱሪስት ወቅት ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ እስከ ጥር ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ከኅዳር አጋማሽ ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ፈረንጁ ጠዋት ኦምሌት፣ ማታ ስቴክ በሚጠይቅበት ወቅት ከተማው ጾም ላይ ነው። ሥጋ ቤቱ ዘግቷል። ወተቱና እንቁላሉ ገበያ ላይ ቀዝቅዟል፤ ገበሬውም ገዢ ስለማያገኝ ይዞ አይወጣም። ሼፉ ሁለት ሜኑ ይዞ ነው የሚሠራው፤ የጾምና የፍስክ። ለፍስኩ ሥጋውን አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ ያጠራቅማል። ፍሪዘር መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ናፍጣ። የናፍጣው ብር ከከተማ ይወጣል። አያችሁት? አንድ ሳህን ስቴክ ላይ የተከፈለው ገንዘብ ምን ያህሉ በናፍጣ መልክ ወልድያን ተሻግሮ እንደሚሄድ።

መፍትሔው ቀላል ነው አልልም። ግን በጾም ወቅት ፊት ለፊት የሚቀመጠው ምግብ የጾም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው። ይህን የሚበላ ፈረንጅ ሞልቷል፤ ቪጋን ነኝ ብሎ አገር ለአገር የሚንከራተት ሁሉ አለ። እኛ ግን ሜኑው መጨረሻ ገጽ ላይ «ፋስቲንግ ፉድ» ብለን በአንዲት መስመር እንጽፈዋለን። ከፊት ገጽ ላይ ስፓጌቲ አለ። ስፓጌቲ ላሊበላ አይበቅልም።

ማሩንም እንዲሁ። የላስታ ማር ስሙ የታወቀ ነው። ሆቴሉ ቁርስ ላይ በትንንሽ ፕላስቲክ የታሸገ ማርማላታ ሲያቀርብ ሳይ አዝናለሁ።

ከሆቴሉ ውጭ ደግሞ ትንንሽ እጆች አሉ። የአካባቢው አስጎብኚ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጫማ የሚጠብቀው ልጅ። ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው በቅሎና ባለ በቅሎው። ባጃጁ። ጠጅ ቤቱ። መስቀልና ሥዕል የሚሸጠው ሱቅ። ለእነዚህ የሚሰጠው ጉርሻ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ደላላ አያውቀውም፣ ፓሪስ አይቀርም፣ በቀጥታ እጅ ላይ ይወድቃል። በዚያው ምሽት እንጀራ ይሆናል።

ጉርሻ ጥላም አለው። ቱሪስት የበዛበት ከተማ ልጅ ቶሎ ይማራል፤ ትምህርት ቤት ከሚውል ፈረንጅ ተከትሎ «ስፖንሰር» ቢያገኝ እንደሚያዋጣው። አንዳንዱ አግኝቶ ተምሯል፤ ዛሬ ሐኪም የሆነም መምህር የሆነም አይጠፋም። ብዙው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። አስጎብኚዎቹ ራሳቸው እንግዳውን «ለልጅ እጅ በእጅ አትስጥ» ይሉታል። ሰሚ ያገኙት አልፎ አልፎ ነው።

ስለ ሠራተኛው አንድ ነገር ልበል፤ ነገ የምትገቡበት ስለሆነ። ብዙ ሆቴል ውስጥ መነሻ ደመወዝ ዝቅተኛ ነው። ኑሮ የሚደጎመው ሂሳብ ላይ በሚጨመረው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና በጉርሻ ነው። ስለዚህ እንግዳ ሲጠፋ ማንም ሳይባረር የሠራተኛው ገቢ ይወርዳል። ወረቀት ላይ ሥራ አለው። ኪሱ ግን ሥራ ፈት ነው። ከተማ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ የተባረረውን ሰው ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም።

አሁን ወደ ሌላው እንግዳ እንምጣ። የመጣሁትም ለእሱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ፣ ሚኒባስ መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይታችኋል፦ «ጉዞ ወደ ላሊበላ»። ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ይሄዳሉ። ከገጠሩ ደግሞ ቀናት ሙሉ በእግሩ የሚመጣ አለ፤ በሶውን ቋጥሮ፣ ዳቦ ቆሎውን ይዞ። ለገና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰባል። ሜዳው ድንኳን ይለብሳል። በበዓሉ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሹ ከላይ አለቱ ጫፍ፣ ግማሹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ ለማየት ነው ይህ ሁሉ መንገድ።

ይህ ሰው ሆቴል አይዝም። ፓስፖርት የለውም፣ ፎርም አይሞላም። የውጭ ምንዛሪ ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስለ ላሊበላ ቱሪዝም ሲወራ ከገበታው ላይ አይኖርም። እንደ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ይታያል።

ግን ምን ይገዛል? ጧፍ ይገዛል፣ ዕጣን ይገዛል። ለአንገት ማተብና መስቀል ይገዛል፤ ለእናቱ ነጠላ፣ ለጎረቤት በረከት። ሻይ ይጠጣል፣ እንጀራ ይበላል። ጾሙ ሲፈታ በሬ ይታረዳል፤ ገበሬው ከብቱን ለዚያ ቀን ብሎ ይቀልባል። አውቶቡስ ውስጥ ማደር ያቃተው የሰው ቤት ክፍል ይከራያል። እያንዳንዱ የሚያወጣው ትንሽ ነው። ሻጩ ግን ማነው? የከተማው ሰው ነው። በመካከል የቆመ የለም። ጧፉን የምትጠቀልለው ሴትዮ ራሷ ሸጣ ራሷ ትከፈላለች፤ ማታውኑ ያን ብር ለጎረቤቷ ለዱቄት ትሰጣለች።

የፈረንጁ ብር ወፍራም ነው፣ ግን በቀዳዳ ቋት እንደተከተተ እህል ነው፤ ከላይ ሲሞላ ከታች ይፈሳል። የተሳላሚው ብር ቀጭን ነው፤ ብዙው ግን እዚያው ይቀራል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ለማለት የሚያስችል አሃዝ በእጃችን የለም፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን በቅጡ የሚቆጥር የለም። የእኔ ክስ ይኸው ነው።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህም ይረቅቃል። የላሊበላ ሰው ደክሞ የመጣውን ተሳላሚ እግር ያጥባል። ውሃ አሙቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በነፃ። ያበላል፣ ያስተኛል። በሂሳብ መዝገብ ብታስገቡት ወጪ እንጂ ገቢ አይሆንም። ግን ያ ሰው በዓመቱ ዘመዱን ይዞ ይመለሳል፤ መንደሩ ሲገባም ስለ ላሊበላ ሰው ያወራል። እናንተ ክፍል ውስጥ «የደንበኛ ታማኝነት» ብላችሁ የምትማሩት፣ ለዚያም ሆቴሎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱበት ነገር፣ እዚያ በባልዲ ውሃ ይገኛል። ሰዎቹ ግን ለጽድቅ እንጂ ለገበያ ብለው እንዳላደረጉት አትርሱ። ነገ አንዱ ብልጥ መጥቶ «የእግር እጥበት ፓኬጅ» ብሎ እንዳይሸጠው ነው የምፈራው።

ፈተናው የመጣው በ2012 ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ፤ ፈረንጁ ቀረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም እጅ ስትለዋወጥ ቆየች። መብራትና ስልክ ለወራት ተቋረጠ። በ2015 መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ፤ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራም ለጊዜው ቆመ።

ይህ ለሆቴል ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሆቴሉ የተሠራው በብድር ነው። ብድሩ የተሰላው በፈረንጅ አልጋ ነው። አልጋው ባዶ ነው፤ ወለዱ ግን አይጾምም። ሠራተኛው ወደ ገጠር ቤተሰቡ ሄደ፣ ወይ ተሰደደ። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገር አስጎብኚ የቀን ሥራ ፈለገ። ባለ በቅሎው በቅሎውን ሸጠ። ይህ መጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ቱሪስት ነገ ቢመለስ በቅሎዋ አትመለስም። ሰው ሲበተን የዓመታት ችሎታ አብሮ ይበተናል። ሕንፃ ቀለም ቀብቶ መክፈት ይቻላል፤ ጥሩ አስጎብኚ ግን በአንድ ወቅት አይሠራም።

በዚያ ሁሉ መካከል ደግሞ የ2014 ገና መጣ። ከተማዋ ከጦርነቱ ከወጣች ሳምንታት ቢሆናት ነው። ተሳላሚው መጣ። እንደ ደህናው ዘመን ባይሆንም በሺዎች መጣ። ኤምባሲዎች ለዜጎቻቸው «አትሂዱ» ብለው ባስጠነቀቁበት ወራት፣ ማንም ያላስተዋወቀው፣ ብሮሹር ያልታተመለት እንግዳ ከተፍ አለ። የጧፍ ሻጮቹ ሥራ አገኙ። ሻይ ቤት ተከፈተ። የውጭ እንግዳ በኤምባሲ ማስጠንቀቂያ ይቀራል፣ በበረራ መሰረዝ ይቀራል፣ ቴሌቪዥን ላይ ባየው አንድ ዜና ይቀራል። ተሳላሚውን የሚያስቀረው መንገድ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ያኔም በሌላ አቅጣጫ ይሞክራል።

ታዲያ ከተማዋ ለማን ነው የተሠራችው? ገደሉ አፋፍ ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች እይታ ይሸጣሉ። እይታው በእውነት ያምራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ላስታን ከዚያ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ለተሳላሚው ግን ምን ተሠራ? በገና ሰሞን ሽንት ቤት ፍለጋ የሚንከራተተው ብዛት! ለእናቶች ክብርን የሚነካ ነገር ነው። ውሃ ያጥራል። ንጹሕ፣ ርካሽ፣ ባለ ብዙ አልጋ ማደሪያ ጥቂት ነው። ከፍሎ በደህና ቦታ ማደር የሚፈልግ፣ ከሆቴል ግን የሚያንስ አቅም ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሞልቷል፤ አውቶቡስ ወንበር ላይ አንገቱን አጣምሞ ያድራል። ይህ ገበያ ነው። ባዶ ነው። ጉድለቱ ዓይን ያወጣ ነው።

ሌላ ዋጋም አለ፤ በፍጥነት ልለፈው። ቅርስን ለመጠበቅና ለጎብኚ ለማመቻቸት ሲባል አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ተነስተዋል። ምክንያቱ ይገባል፤ ግን እደጃፉ ቆሎ ይሸጥ የነበረ ሰው ራቅ ብሎ ሲሰፍር ገበያውም ከእግሩ ይርቃል። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ እንዲከልሉ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎችም ጊዜያዊ ተብለው ቆመው ቀሩ፤ ሕዝቡ «ክብደታቸው ቅርሱን ይጎዳል፣ ይነሱልን» ብሎ አደባባይ ወጥቷል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በመጋቢት 2011 መጥተው ለጥገናው ድጋፍ ቃል የገቡትም ከዚያ በኋላ ነው። አለቱ ከተጎዳ ፈረንጁም ተሳላሚውም የሚመጣበት ነገር አይኖርም። ለከተማዋ የቅርስ ጥገና የኢኮኖሚ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። «ቱሪስት እንጨምር» የሚለው ዕቅድ አይገባኝም። አብዛኛው የውጭ እንግዳ ላሊበላ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ይበራል። ሌላ አዲስ ሰው ከማምጣት ያለውን አንድ ሌሊት መጨመር ይረክሳል። ምክንያቱ በቂ ነው፦ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ፣ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ፣ ከላሊበላዎቹም የሚቀድም። ነአኩቶ ለአብ አለ፣ ከዋሻው ጣሪያ ጸበል የሚንጠባጠብበት። አሸተን ማርያም በበቅሎ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የቅዳሜ ገበያው ራሱ አንድ ቀን ነው። ሪሴፕሽን ላይ የቆመው ልጅ ይህን በሁለት ደቂቃ አጣፍጦ መናገር ከቻለ እንግዳው ትኬቱን ይቀይራል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ራሱ ይምርሐነ ክርስቶስን አላየውም። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን በክረምት፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት፣ አንድ ቀን መኪና ጭኖ ቢወስዳቸው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይሻለዋል።

ከእናንተ መካከል የራሱን ሥራ መጀመር የሚፈልግ ካለ፣ በቅድሚያ ሆቴል አያስብ። ላውንደሪ ያስብ፤ እያንዳንዱ ሆቴል ለየብቻው ማሽን ገዝቶ፣ ለየብቻው ውሃ ከሚያባክን አንድ ሰው ለሁሉም ቢያጥብ። ዳቦ ቤት ያስብ። በጾም ወቅት ለሆቴል ብቻ የምታስረክብ የዶሮ እርባታ ያስብ። ለተሳላሚ የሚሆን ባለ 40 አልጋ ንጹሕ ማደሪያ ከጥሩ መታጠቢያ ጋር ያስብ። እነዚህ ሪባን የሚቆረጥላቸው ሥራዎች አይደሉም። ፈረንጁ ቢቀር ግን በሩን የማይዘጉት እነዚህ ናቸው፤ በተለይ የመጨረሻው።

ማዘጋጃ ቤቱንና ደብሩን የምለምነው ደግሞ ቆጠራ ነው። አውቶቡሶቹ የሚገቡበት በር ይታወቃል፤ የጉዞ ማኅበራቱም ስንት ሰው እንደጫኑ ያውቃሉ። ለገና ሰሞን ተማሪዎችን በየበሩ አቁሞ ማስቆጠር፣ ጥቂት መቶ ሰው ደግሞ «የት አደርክ? ምን ገዛህ? ስንት አወጣህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ይኸው ርዕስ። ታኅሣሥ ሳይገባ አማካሪያችሁን አናግሩ፣ ማደሪያ ቶሎ ያዙ። የእኔ ይህን ያህል ነው፤ ከኋላ እጅ ያወጣችው እህት፣ ጥያቄሽን ቀጥዪ።